እናቴን ቢጫ ካርድ ያስወጣሁበት ክሊኒክ

እናቴ ለልጅ ልጇ ክርስትና ጆሃንስበርግ ልትሄድ ነው። የቪዛው ጉዳይ ካለቀ በኋላ የቀረን ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው ነበር። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ደቡብ አፍሪካ ከዚህ የሚሄድን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች።

ክሊኒኩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደረስን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ግን ይሄዳል። እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ከ60 በላይ ለሆነ ሰው ይህ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ መርፌው ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ገባን። የምትወስደውን መድኃኒት አንድ በአንድ ጠየቃት። የእንቁላል አለርጂ እንዳለባትም ጠየቀ።

«እንቁላልን ከመርፌ ምን አገናኘው ልጄ?» አለች።

ክትባቱ በእንቁላል ውስጥ እንደሚዘጋጅ ነገራት። እናቴ ደነገጠች፤ ጾም ነበር። አልሳቀባትም። መድኃኒት እንደሆነ ቀስ ብሎ አስረዳት፤ እስክትረጋጋም ጠበቃት። ይህን አልረሳለትም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሲስተሯን ሥራ ነው። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ የሞላውን ከፓስፖርቱ ጎን አስቀምጣ ፊደል በፊደል አየችው። የእናቴ ስም ወርቅነሽ ነው። ፓስፖርቷ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በ«ኦ» ነው፤ ልጁ በ«ኢ» ጽፎታል። እኔ በእስክሪብቶ ይስተካከል አልኩ። «አይሆንም፣ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሊጥሉባችሁ ይችላሉ» ብላ አዲስ ካርድ ሞላች። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወሩንም በፊደል ጻፈች። የክትባቱን ባች ቁጥር (የምርት መለያውን) አስገባች። ማህተም ብቻውን ፊርማን አይተካም ብላ በእጇ ፈረመች።

እግረ መንገዴን የራሴን አሮጌ ካርድ አሳየኋት። በ2006 ዓ.ም. የተከተብኩት ነው፤ አስር ዓመት እንደሚያገለግል ተጽፎበታል። ድጋሚ ልወጋ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን መለሰችልኝ። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ ነው፤ ቀድሞ የወጡ ካርዶችም እንዲሁ። ከፍዬ መከተብ እችል ነበር፣ እሷ ግን አያስፈልግሽም አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አሳዝኖኛል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከአስር ቀን በኋላ ነው። ከፊታችን የነበረ ወጣት ይህን የሰማው ሰልፉን ጨርሶ፣ ከፍሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በረራው በአራተኛው ቀን ነበር። ስልኩን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ለማን እንደሚደውል ግራ ገብቶት። ክሊኒኩ ስልክ ስንደውል ለእኛም አልነገረንም፤ እኛ ቀድመን የመጣነው ወንድሜ ስለነገረን ነው።

እባካችሁ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። አስር ቀን የሚለው በትልቁ ይጻፍበት።