ለሆስፒታል የነርቭ ክፍል፦ ፋሚሊ ወይስ አኪዩት ኬር?

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ነርስ ነርስ ፕራክቲሽነር (ከፍ ያለ ትምህርት ወስዶ ታካሚ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ለመሆን ሲያስብ ከወዳጅ ዘመድ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ፋሚሊ (በየዕድሜው ያለን ቤተሰብ የሚያክመውን ዘርፍ) ተማር፣ የትም ትቀጠራለህ።» ምክሩ ለብዙዎች ሠርቷል፤ በአገሪቱ ካሉት ነርስ ፕራክቲሽነሮች የሚበዙትም በዚሁ ዘርፍ የተመረቁ ናቸው። ልቡ በስትሮክ ቡድን፣ በነርቭ ቀዶ ሕክምና ወይም በነርቭ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ላይ ላረፈ ሰው ግን አልመክረውም፤ ለእሱ የሚሻለው የአዋቂዎች አኪዩት ኬር ነው።

«የነርቭ ነርስ ፕራክቲሽነር» የሚባል የፈቃድ ዘርፍ የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አገር አቀፍ የፈቃድ አሰጣጥ ሞዴል ዘርፎቹን የሚለየው በበሽታ ሳይሆን በታካሚው ማንነት ነው፦ ቤተሰብ፣ አዋቂና አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ጨቅላዎች፣ የሴቶች ጤና፣ የአእምሮ ጤና። የአዋቂዎቹና የሕፃናቱ እንደገና በመደበኛ ክትትልና በአጣዳፊ ሕክምና፣ ማለትም በፕራይመሪና በአኪዩት ኬር ይከፈላሉ። የነርቭ ሕክምና ዕውቀት የሚደረበው ከዚያ በላይ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በተግባር ልምምዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው የትምህርት መመዘኛ ከታካሚ ጋር በቀጥታ የሚሠራ ቢያንስ 750 ሰዓት ይጠይቃል፤ ቀድሞ 500 ነበር። የፋሚሊ ተማሪ ይህን ሰዓት ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ሕሙማን ክትትል ያካፍለዋል። የአዋቂዎች አኪዩት ኬር ተማሪ ግን ጠና ባሉ ሕሙማን ላይ ያውለዋል፤ መተንፈሻ ማሽን ማስተካከል፣ የወረደ የደም ግፊትን በመድኃኒት መደገፍ፣ ሁኔታው ድንገት የተለወጠ ታካሚን መርምሮ መወሰን ይማራል።

የነርቭ ክፍል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በስትሮክ ጊዜ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በተለምዶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አኑሪዝም (የጭንቅላት ደም ሥር እብጠት) ፈንድቶ ደም የፈሰሰበት ታካሚ ደግሞ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ የጭንቅላቱ ደም ሥሮች ሊጠብቡ ይችላሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ንቃቱ ቢቀንስ፣ ጥሪው ለተረኛው ነርስ ፕራክቲሽነር የሚደርስባቸው ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ የክትባት መርሐ ግብር ማወቅ አይረዳም።

«እከሌ እኮ ፋሚሊ ሆኖ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሠራል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አሉ። ሆኖም የሥራ ወሰን የሚለካው በሕንፃው ሳይሆን በታካሚው ሕመም ክብደት ነው፤ በፋሚሊ የተመረቀ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ባለ የራስ ምታት ክሊኒክ ያለ ስጋት ሊሠራ ይችላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለዚህ ሠልጥነሃል ወይ?» ነው። በኋላ ዘርፍ ለመቀየር ከማስተርስ በኋላ የሚሰጠውን ሰርተፍኬት መማር፣ ልምምዱንና ፈተናውንም እንደገና ማለፍ ግድ ይላል።

የአዋቂዎች አኪዩት ኬርም ጉድለት አለበት። ሕፃናትን አያካትትም፣ የሌሊት ተራና በዓል ያበዛል፣ ወደ ተራ ክሊኒክ መመለስም ያስቸግራል። ስለዚህ የሚጥል በሽታን፣ ፓርኪንሰንን ወይም ማይግሬንን በተመላላሽ ማከም ለሚፈልግ፣ ማታም ከልጆቹ ጋር እራት መብላት ለሚሻ፣ ፋሚሊ ወይም የአዋቂዎች ፕራይመሪ ኬር ይሻለዋል። የሕፃናት ነርቭ ክፍል የራሱ የሕፃናት አኪዩት ኬር አለው። የአእምሮ ጤናው መልካም ዘርፍ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይደለም።

የአዋቂዎች አኪዩት ኬር ፈተናን ሁለት ድርጅቶች ይሰጣሉ፤ በምርጫው መጨነቅ አያስፈልግም። ይልቅ ትምህርት ቤቱ የልምምድ ቦታ ራሱ ይፈልግ እንደሆነ፣ በነርቭ ክፍል ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ ይጠይቁ፤ በኢንተርኔት ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ ፍለጋውን ለተማሪው ይተዉታል። የመመዝገቢያ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊትም ሊሠሩበት የሚመኙትን ሆስፒታል የሥራ ማስታወቂያ ፈልገው ያግኙና የሚጠይቀውን ሰርተፍኬት ያንብቡ።