በስታዲየሙ የጉዞ ወኪል በኩል ቀርጤስ ስሄድ

ስታዲየም አካባቢ ካሉት የጉዞ ወኪሎች በአንዱ በኩል ነው የግሪኳ ደሴት ቀርጤስ የሄድኩት። የቪዛ ሥራቸው አንደኛ ነው። ፋይሌን የያዘችው ልጅ የባንክ ስቴትመንቱን ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ሸንገን (የአውሮፓ የጋራ ቪዛ) የሚጠይቀውን የ30,000 ዩሮ የጤና ኢንሹራንስም እዚያው ጨረስኩ።

ቅሬታዬ ሆቴሉ ላይ ነው። ቢሯቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ኤላፎኒሲ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው፤ አሸዋው ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ውኃው ከጉልበት ብዙም የማያልፍ። የሸጡልኝ ግን በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን ኸርሶኒሶስን ነው። ደሴቷ ከዳር እስከ ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ኤላፎኒሲ ያለው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ደውዬ ስጠይቅ "እህቴ፣ ባሕሩ እኮ ያው ነው" አሉኝ።

ያው አይደለም። ኸርሶኒሶስ የጭፈራ ከተማ ነው። ጎረቤቱ ማሊያማ ይብሳል! መስኮት ብትዘጉም ሙዚቃው ይገባል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ዳርቻው ማዕበል ነው፤ ላንጋኖ ለለመደ ሰው ያስደነግጣል። ደግነቱ ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ የምትከፍሉት ለጃንጥላና ለመተኛ ወንበር ብቻ ነው።

ካኒያ ነው ከተማ ማለት። ቬኒሳውያን የሠሩት ወደብ ፊት ለፊት ያሉት ምግብ ቤቶች ውድ ናቸው፤ ወደ ውስጥ ግቡ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ግሪኮቹም ይጾሟታል፣ ግን በፈረንጅ ኦገስት 15 ፈስከው ከእኛ ይቀድማሉ። ጾመኛ ነኝ ስለው አስተናጋጁ ኦክቶፐስ ይዞልኝ ከች! እነሱ ጋ ደም የለውም ተብሎ በጾም ይበላል። መለስኩትና ዳኮስ ያለ አይብ አዘዝኩ። ደረቅ የገብስ ዳቦ ነው፤ ላዩ ላይ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት። መሀሉ ጭማቂውን ጠጥቶ ይርሳል፣ ጠርዙ ግን እንደ ደረቀ ነው። ሁለተኛ አስደገምኩ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያናድደኛል። ቅዱስ ጳውሎስ በቀርጤስ የተወው ቲቶ፣ የራስ ቅሉ በ1966 እ.ኤ.አ. ከቬኒስ ተመልሶ ሄራክሊዮን ከተማ በስሙ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከኸርሶኒሶስ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ነጠላ ለብሼ ቢሯቸው የገባሁትን ሰው ይህን ሳይነግሩኝ የውኃ መንሸራተቻ ፓርክ ቲኬት ሊሸጡልኝ ይለማመጡኛል?