«ባለውሉ ራሳቸው ይቅረቡ»፦ በአባታችን ስም የቀረው ቆጣሪ

ዘንድሮ ወደ ወሎ የሄድኩት አባታችን፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ካረፉ ከወራት በኋላ ነው። ቀብሩ እንደ አገሩ ወግ በዕለቱ ስለተፈጸመ እኔ ከሥራዬ ፈቃድ አግኝቼ የደረስኩት ለረመዳን ነበር። በቆይታዬ እናቴን ይዤ በቀበሌ፣ በፍርድ ቤት፣ በባንክና በመብራት ቢሮ የአባታችንን ጉዳይ ስፈጽም ከረምኩ። ስለ ሦስቱ ያለኝ ቃል አጭርና በጎ ነው። ስለ መብራት ቢሮው በዝርዝር የምጽፈው ግን በሟች ስም የቀረ ቆጣሪ ያላቸው ቤተሰቦች በእኛ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባቸው ብዬ ነው። ከተማዋን ከደሴ ብዙ የማትርቅ ከማለት በቀር በስም አልጠራትም።

የቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። ሕጉ ሞት በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ ታናሽ ወንድሜ በጊዜው አስመዝግቦ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ነበር። ወረቀቱን ስናመሳክር የአያቴ ስም በአባቴ መታወቂያ ላይ «እንድሪስ»፣ በቤቱ ካርታ ላይ ደግሞ «ኢድሪስ» ተብሎ መጻፉን ያየችው መዝጋቢዋ ራሷ ናት። ማንም ሳይጠይቃት ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አዘጋጅታ፣ ማኅተም አስመትታ ሰጠችን፤ «ያለዚህ ሌላ ቦታ ይመልሷችኋል» አለችን። እውነቷን ነበር። አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ቆጣሪያቸው እስከ ዛሬ ከዚያ በፊት ባረፉ አያት ስም የሚገኝ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ የሞት ምስክር ወረቀት በእጃቸው የለም። እነሱ ከሁሉ አስቀድመው ስለ ሞት ማስረጃው ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

የወራሽነት ማረጋገጫውን ያወጣነው ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ባለጉዳዮቹ ሁሉ ከፈቀዱ በዚያ መዳኘት ይቻላል፤ ካልፈቀዱ መደበኛው የወረዳ ፍርድ ቤት አለ። እህታችን ሳዑዲ ስለምትኖር ፈቃዷን የሚገልጽ ውክልና ጅዳ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ አሠርታ እስክትልክልን መጠበቅ ነበረብን። የወሎ ቤት ግማሹ ልጅ ዐረብ አገር ነውና ይህ ብዙዎችን የሚመለከት ይመስለኛል። ውክልናው ላይ «በማናቸውም መሥሪያ ቤት ስለ ውርስ ጉዳይ» ብቻ ተብሎ ከሚቀር፣ የመብራትና የውሃ ውል ማዛወር የሚለው በግልጽ ቢጻፍ ይመረጣል። ባንኩም ማስረጃዎቹ ተሟልተው ሲቀርቡለት ያለ ክርክር አስተናግዶናል።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ።

አባቴ ታመው በቆዩበት ጊዜ ቤቱ ከጠያቂ ተለይቶ አያውቅም ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዱ በየቀኑ ይሠራል፤ ምጣድ ደግሞ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው። የዚያን ጊዜ ሂሳብ መብዛቱ የሚጠበቅ ነበር፤ ቤተሰቡም በወቅቱ ከፍሎታል። አባቴ ካረፉና ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ግን እናቴ ከአንዲት የዘመድ ልጅ ጋር ብቻዋን ቀረች። ፍጆታዋ አምፖል፣ ትንሽ ማቀዝቀዣና አልፎ አልፎ ምጣድ ነው። ቢሉ ግን እንደ በሽታው ወቅት ከፍ እንዳለ ቀጠለ።

ምክንያቱን ያወቅነው የቢሉን ዝርዝር ካወጣን በኋላ ነው። ቆጣሪ አንባቢው ለተከታታይ ወራት «ዝግ» ብሎ ስላስመዘገበ ሂሳቡ የተሠራው በበሽታው ወቅት በነበረው ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ በግምት ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት ያልቻልኩት የሚከተለውን ስለማውቅ ነው። «ዝግ» የተባለበት የመጀመሪያው ወር ግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን የተተከለበት፣ በሩም ከንጋት እስከ ማታ ለለቀስተኛ ክፍት የነበረበት ወር ነው። የቀሩት ወራት ደግሞ እናቴ ዒዳ ላይ የነበረችባቸው ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትርቅ እንደምትቀመጥ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤት ያልወጣች ሴት በሯ ዝግ ነበር መባሉ ያሳዝናል። በኋላ ቢሮው «ለምን በጊዜው አላመለከታችሁም» ብሎ የጠየቃትም ይህችኑ ሴት ነው።

ቆጣሪው ከበረንዳው ግድግዳ ላይ፣ ከእናቴ ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። መስታወቱን አቧራ ሸፍኖት ስለነበር ወንድሜ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ቁጥሩ 17912 ይላል። በእጃችን ያለው የመጨረሻ ቢል ላይ የተጻፈው ንባብ ግን 18640 ነው። ወደ ኋላ የማይዞር ቆጣሪ ገና ያልደረሰበትን ቁጥር አስከፍለዋል ማለት ነው። የልዩነቱ 728 ኪሎ ዋት ሰዓት እናቴ ተጠቅማው የማታውቀው ኃይል ነው። የአገራችን ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥርም የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ግምቱ ያልተጠቀመችውን ከማስከፈሉ በላይ ወደ ውዱ እርከን ወስዷታል። በተለይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው እንዲጨምር በተደረገበት በዚህ ወቅት፣ ጡረታ ለምትጠብቅ ሴት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ይህን ፎቶና ቢሉን ይዘን ቢሮው ስንደርስ በመስኮት የተቀመጠው ሠራተኛ ፎቶውን ሳያይ «አቤቱታ የሚቀርበው በባለውሉ ነው፤ ባለውሉ ራሳቸው ይቅረቡ» አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ረጋ ባለ ድምፅ «እሳቸውማ አረፉ፣ ልጄ» አለችው። የሞት ምስክር ወረቀቱን አቀረብንለት። «እንግዲያው ስም አዛውሩና አመልክቱ» አለ። ወደ ስም ማዛወሪያው ስንሄድ ደግሞ ውሉ ላይ ያለው ዕዳ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ስም እንደማይዛወር ተነገረን። ዕዳው ግን አቤቱታ ልናቀርብበት የመጣነው የግምት ሂሳብ ራሱ ነው። ስም ካልዞረ አቤቱታ አይሰማም፣ ዕዳ ካልተከፈለ ስም አይዞርም። እንዲህ ባለው ዙሪያ ጥምጥም ቀናችን አለቀ፤ በማግስቱም ያው ሆነ። በጽሑፍ መልስ ስጡን ስንል የጻፈልን የለም። ከግቢው በር ላይ ግን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ቀርቦን በሁለት ሺህ ብር «ውስጥ ባለ ሰው» እንደሚያስጨርስልን ነገረን። አንድ ብርም አልሰጠነውም፤ ማንም እንዲሰጥ አልመክርም።

በዚያው ሳምንት መብራቱ ተቆረጠ። የመጡት ልጆች የተሰጣቸውን ትእዛዝ ከመፈጸም በቀር የሚያውቁት ስለሌለ በእነሱ አልፈርድም። ወሩ ግን ረመዳን ነው። እናቴ በሻማ አፈጠረች፤ የማቀዝቀዣው ሥጋም ለጎረቤት ታደለ። ከአጥራችን ማዶ ያሉት እትዬ፣ ራሳቸው የዐቢይ ጾም ላይ ሆነው፣ እንጀራችንን በምጣዳቸው እየጋገሩ ከመግሪብ በፊት ያደርሱልን ነበር።

እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የባለቤቴ እናት እዚያው ሲያርፉ የጋዝና የመብራት ሂሳባቸውን የዘጋሁት እኔ ስለነበርኩ ሳላነጻጽር ማለፍ አልቻልኩም። ስልክ ላይ ረጅም ሰዓት መጠበቅ እዚያም አለ፤ በሟች ስም ደብዳቤ መምጣቱም ቶሎ አይቆምም። ነገር ግን በመጀመሪያው ስልክ የተጠየቅኩት ያረፉበትን ቀንና የዚያን ዕለት የቆጣሪ ንባብ ነበር። እስከዚያ ቀን ያለው ሂሳብ ከሟች ንብረት የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ለብቻው ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቤቱን በያዘው ሰው ስም ተከፈተ። በግምት የተሠራውን ሂሳብም የላክሁላቸውን ንባብ ተቀብለው አረሙት። ይህን ለማድረግ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ቀንና አንድ ቁጥር በመዝገብ መጻፍ ብቻ ይበቃል። እኛ አገር ይህ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

መፍትሔ ያገኘነው ከአንዲት የቡድን መሪ ነው። እናቴ በመተላለፊያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታያት አጠገቧ ተንበርክካ ጉዳዩን ጠየቀቻት፤ «አብሽሩ እማ፣ ይህ የሚስተካከል ነው» አለቻት። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ የቤቱን ካርታና የቀበሌዋ ልጅ የጻፈችውን የስም ደብዳቤ አገላብጣ ካየች በኋላ አቤቱታውን በወራሽነት ማስረጃው መሠረት በእናቴ ስም ተቀበለች። በማግስቱ ባለሙያ መጥቶ ቆጣሪውን አነበበ፤ ንባቡ ከእኛ ፎቶ በጥቂት ቁጥር ብቻ ይበልጥ ነበር። የግምቱ ዕዳ ከመዝገብ ተነሣ፣ ስሙ ዞረ፣ መብራቱም ያለ መቀጠያ ክፍያ ተቀጠለልን። የተጠቀመችው ሥልጣን በመስኮቱ የተቀመጠው ሰው ዘንድ ባይኖርም፣ ጉዳዩን ወደ እሷ መምራት ግን ይችል ነበር።

ብዙ ሰው ስም የማያዛውረው ሂሳቡ በሟች ስም እንደሆነም ስለሚከፈል ነው። የደንበኛ ቁጥሩን የያዘ ማንም ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ መክፈል ስለሚችል ነገሩ ችግር አይመስልም። ችግሩ የሚመጣው አቤቱታ ሲኖር፣ ቆጣሪው ሲበላሽ ወይም ወደ ካርድ ቆጣሪ ይቀየር ሲባል ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው ባለውሉ ነው። ስለዚህ ከውጭ የምትመጡ፣ ለለቅሶ በደረሳችሁበት ሰሞን ቆጣሪውን ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሱ፤ በየወሩም ቤት ያለ ሰው እንዲያነሣ አድርጉ። ቢሉ ላይ ያለው ቁጥር ከቆጣሪው ከበለጠ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የሁለቱን ቅጂ አያይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የገባበትን ቁጥርና ቀንም አስመዝግቡ። መስኮቱ ላይ ካልተቀበሏችሁ እዚያው ሳትከራከሩ የቡድን መሪውን ወይም የማዕከሉን ኃላፊ ጠይቁ።

አስቀድሞ በግምት የተከፈለው ከሦስት ሺህ ብር በላይ የሆነ ገንዘብ በቀጣይ ወራት ሂሳብ ይቀናነሳል ተብለናል። ከተመለስኩ በኋላ ወንድሜ የላከልኝ የመጀመሪያው ቢል በእናቴ ስም የወጣና በትክክለኛ ንባብ የተሠራ ነው፤ ተቀናሹ ግን ገና አልታየበትም። የቡድን መሪዋ የፈረመችበት ደብዳቤ ቅጂ በእጃችን ስላለ በሚመጣው ወር ይዞት ይሄዳል።