«4ኬ፣ 16 እጥፍ ዙም» የሚሏቸውን ርካሽ ቪዲዮ ካሜራዎች ሳትከፍሉ በፊት ፈትኗቸው

የሠርግና የምርቃት ሰሞን ሲመጣ «4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈባቸው ስም የለሽ ቪዲዮ ካሜራዎች ይበዛሉ። ዋጋቸው ያጓጓል። ካርቶኑ የማይናገረው፣ ዙሙ ዲጂታል መሆኑን ነው።

ዲጂታል ዙም ምንም ነገር አያቀርብም፤ የምስሉን መሃል ቆርጦ ይለጥጠዋል። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነጥብ ነው። 16 እጥፍ ስታጎሉት የሚተርፈው 120 በ67 ነጥብ ብቻ ነው፤ ካሜራው ያቺኑ ለጥጦ ቴሌቪዥኑን ይሞላባታል። የሙሽራዋ ዓይን ከቅንድቧ አይለይም። ኦፕቲካል ዙም፣ ማለትም ሌንሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የሚያቀርብበት ዙም፣ ያለው ካሜራ ሌንሱ ዙሪያ በሰረዝ የተያያዙ ሁለት የሚሊሜትር ቁጥሮች ይኖሩታል። አንድ ቁጥር ብቻ ካያችሁ ተዉት። ኦፕቲካል ያለውን ብትገዙም ሜኑ ገብታችሁ ዲጂታል ዙሙን አጥፉት፤ እያጎላችሁ ሳይታወቃችሁ ነው ወደ ዲጂታሉ የምትሻገሩት።

4ኬውም ያው ነው። 3840 በ2160 ሲባዛ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ይሆናል፤ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ 5 ሜጋፒክስል (5 ሚሊዮን ነጥብ) ብቻ ከሆነ ይህን ከየት ያመጣል? ፋይሉ ካርዱን ይሞላል እንጂ ምስሉ አይጠራም። ስለዚህ ሻጩን የፎቶውን ሜጋፒክስል ሳይሆን የሴንሰሩን ጠይቁት። ካላወቀ፣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድና ላፕቶፕ ያዙ። ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ከ5 ሜትር ቅረጹ፣ መጀመሪያ ሳታጎሉ፣ ከዚያ አጉልታችሁ። ቀጥሎ እጃችሁን ግማሽ ሜትር ላይ ዘርግታችሁ ቅረጹ፤ ግድግዳው ጠርቶ እጃችሁ ከደበዘዘ ካሜራው ፎከስ አያስተካክልም። ፍሎረሰንት መብራት ሥርም ሞክሩት። ጥላ መሳይ መስመር ምስሉ ላይ እየተንከባለለ ካለፈ ካሜራው ለ60 ኸርዝ የተዘጋጀ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ሜኑው ላይ «50 ኸርዝ» ወይም «ፓል» የሚል ካለ ይስተካከላል። ከአሜሪካ የሚላኩ አንዳንዶቹ ግን ይህ ምርጫ ጭራሽ የላቸውም። የቀረጻችሁትን በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን አትፍረዱ፣ እዚያ ላይ የማያምር ነገር የለም፤ ላፕቶፑ ላይ ክፈቱት።

ማይክ መሰኪያ አለው ከተባላችሁ ሰክታችሁ ስሙ።

«128 ጊጋ ካርድ በስጦታ» ሲሏችሁም አትቸኩሉ። የሐሰት ካርድ ትክክለኛው መጠኑ ሲያልቅ ዝም ብሎ መቅረጹን የቀጠለ ይመስላል፤ ፋይሉ ግን በኋላ አይከፈትም። ድግስ ላይ ከመውሰዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ እስኪሞላ ቅረጹበት፣ ከዚያ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ፋይል ከፍታችሁ እዩ።