ተራራ ላይ ባለ ሪዞርት ከተማ ምግብ ልትበሉ ነው? ሜኑው ላይ ባለው ዋጋ አትዘናጉ

ለእረፍት ተራራ ላይ ወዳለ ሪዞርት ከተማ ልትሄዱ ሻንጣ እየሸከፋችሁ ከሆነ ይህን ሳታነቡ እንዳትነሱ። ነገሩ ምግቡ ውድ መሆኑ አይደለም። ውድ መሆኑንማ ሁሉም አውቆ ነው የሚሄደው። እኔን ያንገበገበኝ ሜኑው ላይ ያየነው ዋጋና መጨረሻ ላይ ከካርዳችን የተቆረጠው ገንዘብ ጭራሽ አለመተዋወቃቸው ነው።

አስቀድሜ ግን እውነቱን ልናገር። ከፍታ ላይ ምግብ ቤት ማስተዳደር ቀልድ አይደለም። የስዊዘርላንዷን ዘርማት ውሰዱ። በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና አታስገባም። እንግዳው መኪናውን ታች ትቶ በባቡር ነው የሚገባው። ከከተማዋ በላይ ደግሞ በኬብል ካር፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ማጓጓዣ፣ ካልሆነ የማይደረስባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ ላይ ድንቹም፣ መጠጡም፣ የሚወርደው ቆሻሻ ሳይቀር የመጓጓዣ ሂሳብ አለበት። ሰራተኛው ለወቅቱ ብቻ የተቀጠረ ነው፤ ለእሱም ማደሪያ መፈለግ አለ። ስለዚህ ታች ካለው ከተማ እጥፍ ቢያስከፍሉኝ ዘረፉኝ አልልም። ዋጋው ተጽፎ፣ አይቼው፣ ወድጄ ካዘዝኩ ጉዳዩ አለቀ።

የማስጠነቅቃችሁ ስላልተጻፈው ነው። ወይም በጉንዳን ፊደል ሜኑው ግርጌ ላይ ስለተጻፈው።

የሰፈር ምግብ ቤት ነገም ስለሚፈልጋችሁ ይጠነቀቅላችኋል። ሪዞርት ከተማ ውስጥ ግን ቅዳሜ ገብታችሁ በሳምንቱ ትወጣላችሁ። ተናዳችሁ ብትሄዱ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይቀመጥበታል። ሁሉም እንደዚህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለስማቸው የሚጨነቁ ድንቅ ቤቶች አሉ። ግን አንዱ ቤት ሊሸውዳችሁ ካሰበ የሚያስፈራው ነገር ትንሽ ነው።

እኛን ያጋጠመን እንዲህ ነው። ስሙን አልጠራውም። ዋናው መንገድ ላይ ያለ፣ በረንዳው በረዶውን የሚያይ፣ ሞቅ ያለ ቤት ነው። ገና ጃኬታችንን ሳናወልቅ ዳቦ በቅርጫት መጣ። ወይራ በትንሽ ሳህን ተከተለ። ውሃው ተከፍቶ ነው የመጣው፤ ይከፈት ወይ ያለን የለም። ከዚያ አስተናጋጁ ሜኑውን ከመስጠቱ በፊት የዕለቱን ልዩ ምግብ በቃሉ ተረከልን። ሲያወራ ያስጎመጃል። ዋጋውን ግን አልተነፈሰም። ሁለት ጓደኞቼ እሱኑ አዘዙ።

ሂሳቡ ሲመጣ ዳቦው በቅርጫት ሳይሆን በሰው ቁጥር ታስቧል። ልዩ የተባለው ምግብ ሜኑው ላይ ካለው ከውዱም ውድ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ከስር ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሯል። ይህ ሁሉ አልቆ የካርድ ማሽኑ ሲመጣ ደግሞ ስክሪኑ "ቲፕ ስንት ይጨመር?" ብሎ ይጠይቃል። ትንሿ ምርጫ አስራ አምስት በመቶ ናት። አስተናጋጁ አጠገባችን ቆሞ በትህትና ጣሪያውን ያያል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ያዘዛችሁት ሜኑው ላይ ሲደመር 100 ነው እንበል። ሳታዙ የመጣው ዳቦና ውሃ 14 ቢሆን 114 ደረሰ። አስራ አምስት በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 131 አለፈ። በዚያ ላይ ሃያ በመቶ ቲፕ ብትነኩ 157 ሆነ። ማሽኑ በሀገራችሁ ገንዘብ ላስከፍል ወይ ሲላችሁ እሺ ካላችሁና ምንዛሬው አምስት በመቶ ከጨመረባችሁ 165 ገባ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም። ሁሉም ሲደራረብ ነው ጉድ የሚፈላው። ቲፑም የተሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ለአንድ መስተንግዶ ሁለቴ ነው የምትከፍሉት።

የምንዛሬውን ነገር በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ከውጭ በመጣ ካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ ሁለት ምርጫ ያወጣል። አንዱ ባላችሁበት ሀገር ገንዘብ፣ ሌላው በካርዳችሁ ገንዘብ። የራሳችሁ ገንዘብ ስለሆነ ሁለተኛው ይቀላል፤ ስንት እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ወጥመዱም እሱ ነው። በካርዳችሁ ገንዘብ ካላችሁ ምንዛሬውን የሚተምነው ባንካችሁ ሳይሆን ከማሽኑ ጀርባ ያለው ድርጅት ነው። ትርፉን እዚያው ውስጥ ከቶታል። ሁሌም ባላችሁበት ሀገር ገንዘብ ክፈሉ። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ በህብረቱ ገንዘቦች መካከል ለሚደረግ እንዲህ ያለ ምንዛሬ ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን አንጻር በመቶኛ እንዲታይ አስገድዷል። ስለዚህ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ችግሩ ከአረንጓዴው ቁልፍ በታች በትንሹ መጻፉ ነው። የእኛ አስተናጋጅ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ "ይሄኛው ይቀልልዎታል" እያለ ነበር። ማሽኑን ተቀበሉና ራሳችሁ ንኩ። ማንም አይቀየማችሁም።

ሰርቪስን በተመለከተ ሀገር ለሀገር ይለያያል። ሳያውቁ መሄድ ዋጋ ያስከፍላል። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሻሞኒም ሆነ ኩርሼቬል፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ሰርቪሱን ያካተተ ነው፤ ህጉ ነው የሚለው። ከምግብ ጋር ተራ ዳቦና የቧንቧ ውሃ በጆግ ብትጠይቁ በነጻ ነው። ስዊዘርላንድም ሰርቪስ ዋጋው ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ግን እዚያ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ጣሊያን ስትሻገሩ፣ ኮርቲናን የመሰለ ከተማ ውስጥ፣ ኮፔርቶ የሚባል በሰው የሚታሰብ የመቀመጫ ሂሳብ ታገኛላችሁ። እሱ ማጭበርበር አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው። ሜኑው ላይ መጻፍ ግን አለበት። አሜሪካ፣ አስፐንን ወይም ቬይልን ብትሉ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ዋጋው ሰርቪስ የለውም፤ ቲፕ ይጠበቅባችኋል። እዚያ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሂሳቡ ላይ አስቀድሞ የግዴታ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ ከሆነ ነው። በአሜሪካ ህግ የግዴታ ሰርቪስ ቻርጅ ቲፕ አይባልም፤ የቤቱ ገቢ ነው። ለአስተናጋጁ ሊደርሰውም ላይደርሰውም ይችላል። እሱኑ ጠይቁት፤ አብዛኞቹ እውነቱን ይነግሯችኋል። ደግሞ ንዴታችሁን እሱ ላይ አታውርዱ። ሜኑውን ያሳተመው እሱ አይደለም።

ዋጋው "በመቶ ግራም" የተጻፈ ስጋ ወይም ዓሣ ካያችሁ አንድ ጊዜ አቁሙ። የሚታያችሁ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሳህኑ ላይ የሚመጣው ግን ኪሎ ሊሆን ይችላል። ከነአጥንቱ ነው የሚመዘነው። እሳት ላይ ሳይወጣ አስመዝኑ፣ ጠቅላላ ዋጋውንም አስነግሩ። አንዴ ከተጠበሰ ክርክር የለም።

አሁን ተራራው ራሱ ስለሚያመጣው ጣጣ። ከፍታ ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ትንፋሽም ይበዛል፣ ስለዚህ ትጠማላችሁ። የጠማው ሰው የውሃ ዋጋ አይጠይቅም፤ ይህን እነሱም ያውቁታል። ኮዳችሁን ሞልታችሁ ውጡ። ሌላው ደግሞ የማብሰሉ ነገር ነው። ከባህር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ዘርማት 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ 95 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል። 2,400 ሜትር ላይ ባለችው አስፐን ደግሞ 92 ዲግሪ አካባቢ። ባቄላና ምስር የመሳሰለው ቶሎ አይበስልም። ጎበዝ ወጥ ቤት በግፊት ድስት ይሰራዋል፣ ወይም ከጠዋቱ ይጥደዋል። ሰነፉ ግን ታች በስሎ የመጣውን አሙቆ "የቤታችን" እያለ ይሸጥላችኋል። የተሞቀ መብላት ነውር የለውም። በትኩስ ዋጋ መክፈል ነው የሚከፋው። ገጾች የሚያክል ሜኑና ትንሽ ኩሽና ካያችሁ፣ ሁሉም ነገር አዲስ ይሰራል ብላችሁ አትጠብቁ።

ጫፍ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ኬብል ካሩ የመጨረሻ መውረጃ ሰዓት አለው፤ እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። ምሳችሁ ዘግይቶ መጥቶ የመጨረሻው ካመለጣችሁ፣ በእግር መውረድ ነው ወይ የተጠየቃችሁትን ከፍላችሁ በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር መውረድ። ወጥ ቤቱም፣ አስተናጋጁም፣ ማንም ስለዚህ ግድ የለውም። ስታዙ ሰዓቱን ተናግራችሁ እዘዙ። ማታ ላይ የሚዘጋጀውን "የጫፍ ላይ እራት" የምትይዙ ከሆነም የደርሶ መልሱ ትኬት ዋጋው ውስጥ መኖሩን አጣሩ። ትኬቱ ለብቻ ሆኖ ያገኙት ሰዎች አሉ።

ጠረጴዛ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ስታስይዙ የካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ቤቶች አሉ። ከቀራችሁ በሰው ይህን ያህል ይቆረጣል ይላሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን ተገቢ ነው። ተራራ ላይ ግን ማዕበል ይነሳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ኬብል ካር ይቆማል። እናንተ መንገድ ተዘግቶባችሁ ሆቴላችሁ ውስጥ እያላችሁ እነሱ ይቆርጣሉ። በአየር ምክንያት መምጣት ካልቻልን ምን ይሆናል ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ። መልስ ካልሰጡ ካርዳችሁን አትስጡ።

ሰዎች በኢንተርኔት ለምግብ ቤቶች ስለሚሰጡት ኮከብም አንድ ነገር ልበል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከበረዶ መንሸራተት ደክሞ የመጣ ሰው፣ ሙቅ ነገር ሲጠጣ አምስት ኮከብ ያድላል። ኮከቡ ለእይታው ነው። ለምግቡ አይደለም። እኔ የማነበው ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን ነው። የሂሳብ ደረሰኝ ፎቶ የለጠፉትን ደግሞ በተለይ። ከዚያ የሚሻለው ግን የኬብል ካር ሰራተኞችና የስኪ አሰልጣኞች የት እንደሚበሉ መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከዋናው መንገድ አንድ መስመር ገባ ብሎ፣ እይታ የሌለው፣ ለምሳ አንድ ሁለት ምግብ ብቻ የሚሰራ ቤት ይነግሯችኋል። በአልፕስ ከተሞች የምሳ ሰዓት የዕለት ምግብ ከማታው በጣም ይረክሳል። ትልቁን ምግብ ቀን በልቶ ማታ ቀለል ማድረግ ያዋጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል ካላችሁ ደግሞ፣ ገና ስትቀመጡ ሜኑውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሳታዙ የመጣውን ሁሉ "በነጻ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ ይመለስ። የተዘረዘረ ሂሳብ ጠይቁ እንጂ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ የያዘች ብጣሽ ወረቀት አትቀበሉ። እኛ እንኳ ዝርዝሩን ስናስመጣ ያልጠጣነው የሌላ ጠረጴዛ ቡና ተገኝቶበታል። እሱን ያለ ክርክር አንስተውልናል። የዳቦውን ግን "የቤቱ አሰራር ነው" ብለው እምቢ አሉ። እዚያው ካልተስማማችሁ የተከራከራችሁበትን ደረሰኝና የሜኑውን ፎቶ ይዛችሁ ለባንካችሁ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ፎቶ ከሌለ ግን የእናንተ ቃል ከእነሱ ቃል ጋር ብቻ ነው የሚፋጠጠው።

ለገናና ለአዲስ ዓመት የምትሄዱ ደግሞ የሆቴሉን ውል እስከ ታች አንብቡ። ብዙ ሪዞርት ሆቴሎች በዚያ ሰሞን የበዓል እራት ግዴታ ያደርጋሉ። ብትበሉም ባትበሉም ለልጅም ጭምር ይታሰባል፤ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ነው። ቁርስና እራት የተካተተበት የሚባለውም መጠጥን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፤ ውጭ በልታችሁ ብታድሩ የቀረውን እራት ገንዘብ አይመልሱም። ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት በኢሜይል "የግዴታ እራት አለ ወይ? ስንት ነው? መጠጥ ይጨምራል?" ብላችሁ ጻፉና መልሱን አስቀምጡት።