ከአዳማ ወደ ሙሻ ደሴት፦ ያስያዝነው ጉዞ

እዚሁ አዳማ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ነው የጅቡቲ ጉዟችንን የያዘልን። ባቡሩ በአዳማ ስለሚያልፍ ለመሳፈር አዲስ አበባ መሄድ የለም፤ ጅቡቲ ያለው ናጋድ ጣቢያ ድረስ ያደርሰናል። ቪዛውንና ሆቴሉን ቶሎ ጨረሱልን። ወደ ሙሻ ደሴት ስለሚወስደን ጀልባ ስጠይቅ ግን «እዚያ ስትደርሱ ታገኛላችሁ» ተባልኩ። እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል። እኔ እኮ የምሄደው ለባሕሩ ነው!

ሙሻ ጥብቅ ቦታ ነው። ኮራሉ ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ አይረገጥም፣ አይሰበርም። ይህን የነገረኝ ወኪሉ ሳይሆን ራሴ ደውዬ ያገኘሁት ጀልባ ነጂ ነው። ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ይሂድ፤ ያኔ ነው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት። እኛም ቀኑን ወደ ጥር አዞርነው።

የመጥለቂያ መነጽሩን ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ሞከርኩት። ውሃ ከአፍንጫዬ ሥር እየሰረገ ገባብኝ። ዕቃው ፎርጅድ ነው ብዬ ልመልሰው ስል ጥፋቱ የሪዜ ሆኖ ተገኘ፤ ላስቲኩ ፀጉር ላይ አይጣበቅም። ላጨሁት። ባለቤቴ እስካሁን ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።

ለወኪሉ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ጀልባውን ቢይዙልኝ 5 ነበር።