«ባለ ሦስት ሽቦ ፒቲ100» ሲሏችሁ ሳትለኩ አትክፈሉ

ለፓስቸራይዘር፣ ለዳቦ ምድጃ ወይም ለቦይለር የሙቀት ሴንሰር የምትገዙ ሁሉ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። የማይዝግ ብረት ቱቦና ሦስት ሽቦ ያለው፣ ላዩ ላይ «ፒቲ100» የተለጠፈበት ዕቃ ሁሉ ፒቲ100፣ ማለትም ሲሞቅ ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) የሚጨምር የፕላቲነም ሴንሰር፣ አይደለም።

ትክክለኛው ፒቲ100 በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ኦም፣ በ20 ዲግሪ 107.8 ኦም ነው። ሱቁ ውስጥ በቀዩና በነጩ ሽቦ መካከል ስትለኩ ከ107 እስከ 111 ኦም ግድም ማግኘት አለባችሁ። 10 ሺህ ኦም አካባቢ ካሳየ ኤንቲሲ የሚባለው፣ ሲሞቅ ኦሙ የሚቀንስ ሌላ ሴንሰር ነው፤ 54 አካባቢ ካሳየ ሲዩ50 የሚባለው የመዳብ ሴንሰር ነው። ሽቦዎቹ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ከሆኑ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ሴንሰር እንዳይሆን ጠርጥሩ። እሱ ዲጂታል ስለሆነ ፒቲ100 በሚያነበው የፒኤልሲ (የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ሞጁል ላይ ቢታሰር ምንም አያነብም።

እነዚህ ቶሎ ይታወቃሉ። የሚያሳስበው ሦስተኛው ሽቦ የይምሰል የሆነበት ነው። በደህናው ሴንሰር ሁለቱ ቀይ ሽቦዎች ከቱቦው ውስጥ ጀምረው ለየብቻ ይመጣሉ። ሞጁሉም በእነሱ አማካይነት የሽቦውን ኦም ለክቶ ይቀንሳል። በአስመሳዩ ግን ከቱቦው የሚወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው ኬብሉ ጫፍ ላይ፣ በፕላስቲክ ሽፋን ሥር ተበይዷል። ስለዚህ ሞጁሉ የሚቀንሰው የጥቂት ሴንቲሜትር ሽቦ ኦም ብቻ ይሆናል።

መፈተኛው ቀላል ነው። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አነካክታችሁ የራሱን ንባብ ያዙ፤ ከዚያ በሁለቱ ቀዮች መካከል ለክታችሁ ያንን ቀንሱ። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 0.2 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ደርሶ መልስ 0.9 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ዜሮ ከሆነ አትግዙት። 0.9 ኦም ትንሽ ይመስላል፤ ግን 1 ዲግሪ ማለት 0.385 ኦም ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ከ2 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ 30 ሜትር ባለ ሁለት ሽቦ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል ከቀጠላችሁበት ሌላ 5 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል። ስህተቱ ሁልጊዜ ንባቡን ወደ ላይ ነው የሚወስደው። ስክሪኑ የፓስቸራይዝ ልኩን፣ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ፣ እያሳየ ወተቱ 65 እንኳ ላይደርስ ይችላል። ያንን ወተት ሕፃናት ይጠጡታል! ማራዘም ግድ ከሆነ ሦስቱንም በእኩል ውፍረትና ርዝመት አራዝሙ፣ ሞጁሉንም «ባለ 3 ሽቦ» ብላችሁ አስተካክሉት።

አንዳንድ ሻጭ ሴንሰሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ «ይኸው 100!» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው ከከፍታው የተነሳ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደህና ፒቲ100 135.5 ኦም አካባቢ ያሳያል። እዚህ 100 የሚያነብ ሴንሰር ስህተት መሆኑን ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ይልቅ በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውሃ ፈትኑ፤ 0 ዲግሪ የትም ቦታ ያው ነው።

ሞጁሉም ላይ ተጠንቀቁ። የሲመንስ ፒኤልሲ ሞጁል የሆነው ኤስኤም 1231 አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። በዚሁ ስም ለቮልትና ለሚሊአምፒር፣ ለፒቲ100 እና ለቴርሞካፕል (ከሁለት የተለያዩ ብረቶች ለተሠራ የሙቀት ሴንሰር) የተሠሩ የተለያዩ ሞጁሎች አሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን የማዘዣ ቁጥር መሐል አንብቡ፤ ባለ አራት ቻናሎቹ ላይ 4ኤችዲ የተራ አናሎግ፣ 5ፒዲ የፒቲ100፣ 5ኪውዲ የቴርሞካፕል ነው። ተራውን አናሎግ የገዛ ሰው ለእያንዳንዱ ሴንሰር ትራንስሚተር (ንባቡን ወደ ሚሊአምፒር ወይም ቮልት የሚቀይር ዕቃ) ሊጨምር ነው።

ለኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ማራዘሚያ «ኬብል ሁሉ አንድ ነው» ብለው የራሱን ዓይነት ኬብል ትተው ተራ መዳብ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። የሴንሰሩ ራስ (ኬብሉ የሚታሰርበት) 60 ዲግሪ፣ ፓኔሉ 25 ዲግሪ ከሆነ ንባቡ በ35 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ምድጃውም ያለ ልክ ይግላል። የቴርሞካፕል ሽቦውን የቀለም ደንብም ጠይቁ፦ በአሜሪካኑ ቀይ ማለት ኔጋቲቭ ነው።

ደረሰኙ ላይ «ፒቲ100፣ ባለ 3 ሽቦ፣ ክላስ ኤ» (ክላስ ኤ የትክክለኛነት ደረጃው ነው) ብለው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ሳትለኩ ደግሞ ሽቦውን አትቁረጡ፤ የተቆረጠ ሴንሰር መልሶ የሚቀበል ሻጭ አታገኙም።